ጉዳዩ፦ የሲሚንቶ ኮርማህን ይመለከታል

ሴይንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሮ ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የድሮ ደብዳቤ ቢሆን «ከናፍቆትህ በስተቀር» ብዬ እቀጥል ነበር፤ አንተ ግን በቀን ሦስቴ በቴሌግራም እየደወልክ ለመናፈቅ ጊዜ አልሰጠኸኝም። የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? የላክሁላትን ቅባት ለጎረቤቱ ሁሉ እያደለች እንዳትጨርሰው ንገርልኝ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሰባት ደቂቃ የፈጀውን የድምፅ መልእክትህን በሌሊት ፈረቃ የእረፍት ሰዓቴ ላይ ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ ለቁም ነገሩ፣ አንዴ ከኋላህ ለሚጮኸው የባጃጅ ጡሩምባ። እንደገባኝ ከሆነ አረካ መንገድ ላይ ከከፈትካት ሻይ ቤት ፊት ለፊት የሲሚንቶ ኮርማ ልታቆም ነው። ቁመቱ ስድስት ሜትር። ቀንዱ ጫፍ ላይ አምፖል ይደረግለታል። ከአዲስ አበባ በሆሳዕና በኩል የሚወርደው መኪና ሁሉ ፎቶ ለመነሣት ይቆማል፤ ከቆመ ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ ከጠጣ አምባሻ ይበላል። «አሜሪካኖቹ መኪና በምንድን ነው የሚያስቆሙት? እዚያ ያለኸው አንተ ነህ፣ አጥንተህ ንገረኝ» ብለህ ጨረስክ። ቀጥሎ ስለ ገንዘቡ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ያልከውንም ሰምቻለሁ። መልሱን ከደብዳቤው ግርጌ አስቀምጬዋለሁ። ዘለህ እንዳታነብ፤ አውቅሃለሁ።

ትክክለኛውን ሰው ነው የጠየቅኸው። እኔ በዚህ በጋ አተር፣ በቆሎ፣ ላምና ጎሽ ለማየት ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳሁ ሰው ነኝ። አንዳቸውም አይበሉም።

ነገሩ የጀመረው አምና በሲባጎ ነው። ከቤታችን ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስትነዳ ዳርዊን የምትባል፣ ነዋሪዋ አራት መቶ የማይሞላ መንደር አለች። እዚያ ፍራንሲስ ጆንሰን የሚባል ሰው በ1950 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) ሲባጎ መጠቅለል ጀመረ። ያውም አባቱ የአሜሪካ ሴናተር የነበሩ ሰው ነው፤ የድሃ ልጅ ሥራ ፈት እንዳይመስልህ። በቀን አራት ሰዓት እየጠቀለለ 29 ዓመት ቆየ። ሲያቆም ድብልብሉ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ደርሶ ነበር፤ ክብደቱ በእኛ 79 ኩንታል። ሰባ ዘጠኝ ኩንታል ሲባጎ! አስጎብኚዋን «ለምን ጠቀለለው?» ብዬ ጠየቅኋት። ትከሻዋን ነቅንቃ ሳቀች። ያ ነው መልሱ።

እስቲ አስበው። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ለሳምንት ሲባጎ ቢጠቀልል ሽማግሌ ይላክበታል። ወር ከሞላው የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን ቤቱ ድረስ ይመጣል፤ ጾም ይያዝለታል። እነዚህ ግን የመስታወት ቤት ሠሩለት። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የሲባጎው በዓል ብለው ሰልፍ ይወጣሉ። ጉዱ ደግሞ ባላንጣ አለው። ካንሳስ ውስጥ ካውከር ሲቲ የምትባል ከተማ «የዓለም ትልቁ ሲባጎ የኔ ነው» ትላለች፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንዲጠቀልልበት ስለምትፈቅድ በየዓመቱ ይወፍርላታል። የዳርዊን ሰዎችም «ይወፍር እንጂ የኛው የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ክትፎ የማን ነው ብለን ከጉራጌ ጓደኞቻችን ጋር ስንጣላ የነበርነው ይሄኔ ምንኛ ቁም ነገረኞች ነበርን።

እኔ በነዳጄ እያዘንኩ ስመለስ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት የወንድምህ ልጅ ግን ከኋላ ወንበር ሆና ዝርዝር ታወጣ ነበር። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ዝርዝሩን ይዛ መጣች። ባለቤቴ ዳቦ ጋገረች፣ ቆሎ ቆላች፣ አንተ የላክኸውን ዳጣ በሦስት ላስቲክ ቋጠረች፤ ወጣን።

መጀመሪያ የቆምነው እዚሁ ሚኒሶታ፣ ብሉ ኧርዝ ላይ ነው። ከሀይዌይ 90 ዳር አንድ አረንጓዴ ሰውዬ ቆሟል። ቁመቱ 17 ሜትር ገደማ፣ ልብሱ ቅጠል፣ እጁ ወገቡ ላይ፣ ጫማው ቁጥር 78። ጀግና መስሎህ ባርኔጣህን እንዳታወልቅለት፤ የታሸገ አተር የሚሸጥ ኩባንያ የንግድ ምልክት ነው። ታሪኩ ግን ላንተ ይጠቅምሃል። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲሱ ሀይዌይ ሲከፈት መኪናው ሁሉ ከተማዋን በዳር በኩል አልፏት ሊሄድ ሆነ። የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት መንገደኞችን እያነጋገረ የአተር ጣሳ በስጦታ ይሰጥ ነበርና፣ ይሄንኑ የጣሳውን ሰውዬ ለምን አናቆመውም አለ። ነጋዴው አዋጣ፣ ሰውዬው ቆመ፣ መኪናውም ቆመ። ክረምት ሲሆን እንዳይበርደው አንገቱ ላይ ቀይ ሻርፕ ይጠመጥሙለታል። እኛ ሶዶ ላይ ካዎ ጦናን ስናቆም ቢያንስ በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር የተፋለመ ንጉሥ ነው። እነዚህ ለጣሳ ነው ሐውልት የሠሩት፣ ያውም ከንጉሣችን ያስረዘሙት። በጫማዎቹ መካከል ቆመን ፎቶ ተነሣን። ፎቶው ላይ እኔ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ነኝ።

ቀጥሎ ደቡብ ዳኮታ ገባን፤ ሚቼል ከተማ፣ የበቆሎ ቤተ መንግሥት። ስሙን ስሰማ ሲያጋንኑ ነው ብዬ ነበር። አላጋነኑም። የመጀመሪያው በ1892 የተሠራ ነው፤ አሁን ያለው ሕንፃ በ1921 የቆመ ሲሆን የውጭ ግድግዳው በበቆሎ ራስ ተለብጧል። ቀርቤ በጣቴ ነካሁት። በቆሎው ለሁለት ከቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ፍሬው ወደ ውጭ፣ የተሰነጠቀው ጎኑ ወደ ግድግዳው ሆኖ በሚስማር ተመትቷል። ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው ሁሉ ለየብቻ ይዘራና ሥዕል ይሠሩበታል፤ በየዓመቱ አፍርሰው በአዲስ ሥዕል ይለብጡታል። ወፎች መጥተው ይበሉታል፤ «የዓለም ትልቁ የወፍ መመገቢያ» እያሉ ራሳቸው ይቀልዱበታል።

ለእማዬ ይሄን ክፍል አታንብብላት። እሷ የምታውቀው በቆሎ ከማጀቱ ጣራ ሥር ተንጠልጥሎ ጭስ እየጠጣ ለዘር የሚቀመጠውን ነው። የ2000 ዓ.ም.ን ክረምት እኛ ቤት ማንም አልረሳውም፤ ያኔ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ማሰሮው ባዶ ነበር። የዳኮታ ሰው ፈርዶለት እህሉ ከማድጋ ተርፎ ለግድግዳ ደርሷል፤ ይባረክለት። እኔ ግን ግድግዳውን ሳይ ቆሎ አማረኝና መኪና ውስጥ ገብቼ በላሁ።

አሁን ጥያቄህን በትክክል ወደሚመልሰው ቦታ ደረስን። እዚህ ላይ ሻይህን አስቀምጥና አንብብ።

ከሚቼል ወደ ምዕራብ ስትነዳ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ሣር ብቻ። በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ታፔላ ይጀምራል። «ነፃ የበረዶ ውሃ፣ ዎል ድራግ»። ጥቂት ኪሎ ሜትር ቆይቶ «ቡና 5 ሳንቲም፣ ዎል ድራግ»። ቆይቶ ዳይኖሰር። ቆይቶ ካውቦይ። ሦስት ሰዓት ያህል ስትነዳ ታፔላው አይለቅህም። ልጆቹ እየተቀባበሉ ያነባሉ። መጀመሪያ ላይ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ በኋላ ግን ጉሮሮዬ ደረቀ። እውነቴን ነው፤ ከጎኔ ውሃ ሞልቶ ተቀምጦ የእነሱን ውሃ ጠማኝ።

ዎል ድራግ ምን መሰለህ? መድኃኒት ቤት ነው! ቴድ ሀስቴድ የሚባል ወጣት ፋርማሲስት በ1931፣ አሜሪካ በድህነት በተመታችበት ዘመን፣ ሰው በሌለባት ዎል በምትባል ከተማ መድኃኒት ቤት ገዛ። አምስት ዓመት ዝንብ ሲያባርር ቆየ። በ1936 አንድ የሐምሌ እሑድ ባለቤቱ ዶሮቲ ከሰዓት ጋደም ልትል ስትሞክር የሚያልፈው መኪና ድምፅ እንቅልፍ ነሳት። ተነሥታ መጥታ ምን አለችው መሰለህ፤ እነዚህ ሰዎች ያንን በረሃ አቋርጠው ሲመጡ የሚፈልጉት ውሃ ነው፣ የበረዶ ውሃ አለን፣ በነፃ እንስጣቸው፣ ታፔላ እንትከል። ቴድ ታፔላውን ተክሎ ሳይመለስ ሱቁ ሞላ ይላሉ። ዛሬ የከተማዋ ሕዝብ 700 ገደማ ነው፤ በዓመት የሚመጣው እንግዳ በሚሊዮን ይቆጠራል።

ሚስትህን ስማ ለማለት አይደለም ይሄን የምጽፈው። ለማለትም ነው።

ውሃውን ጠጣነው። ውሃ ነው። የአምስት ሳንቲሙንም ቡና ጠጣሁ፤ ባለቤቴ አንዴ ቀመሰችና ሲኒውን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ከአምስት ሳንቲም መልስ ይሰጡናል?» አለች። ከዚያ በኋላ ግን ዶናት ገዛን። ባርኔጣ ገዛን። ስቲከር ገዛን። ወንዱ ልጄ ደግሞ ቀንድ ያላት ጥንቸል አየ። ቀልዴን አይደለም፤ ጥንቸል አድርቀው የአጋዘን ቀንድ ይሰኩባትና «እዚህ አገር የምትገኝ ብርቅ እንስሳ ናት» እያሉ ይሸጣሉ። ባለቤቴ ስታያት «በኢየሱስ ስም!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ሻጩ ስሟ ነው መሰለው። ሒሳቡ 140 ዶላር ሆነ። ነፃ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

እዚያ ቆሜ የሁምቦ ሰዎች ትዝ አሉኝ። የተራቆተውን ተራራ ከልለው ጫካው መልሶ እንዲበቅል አደረጉና፣ ጫካው ለሚያጠራው አየር የዓለም ባንክ ገንዘብ እንዲከፍል አደረጉ። አሜሪካኖቹ ውሃ በነፃ ሰጥተው ሀብታም ሲሆኑ እኛ አየር ሸጠናል። ከሁለታችን ማን ነጋዴ እንደሆነ አንተው ፍረድ። ሁምቦ ግን ታፔላ አልተከለም።

ስለ ራሽሞር ተራራ ብዙ አልጽፍም። አራቱን ፕሬዚዳንቶች ፖስት ካርድ ላይ እንዳየሃቸው ናቸው፤ ሲፈለፈሉ 14 ዓመት ፈጅተዋል፣ ለመኪና ማቆሚያ 10 ዶላር አስከፍለውኛል። ልጄ አምስት ደቂቃ አይታ «ሲባጎው ይሻላል» አለች። እኔም በሆዴ ተስማማሁ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ታጠፍን። የኮርማህ ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ኒው ሳሌም የምትባል ከተማ አለች። ከሀይዌይ 94 ላይ ሆነህ ከሩቅ ኮረብታ ጫፍ ላይ አንዲት ላም ትታይሃለች። ሩቅ ስለሆነ ልክ ያልሆነ ነገር እንዳለ መጀመሪያ አይገባህም፤ ቀጥሎ ከሥሯ ያሉት መኪኖች ጥንዚዛ አክለው ሲታዩህ ትደነግጣለህ። ሳሌም ሱ ትባላለች። ከፋይበር ግላስ የተሠራች ሆልስታይን፤ ቁመቷ ከ11 ሜትር በላይ፣ ርዝመቷ 15 ሜትር። በ1974 ነው የቆመችው፤ የአካባቢው ወተት አምራቾች «እኛ እዚህ አለን» ለማለት አዋጥተው አሠሯት። በጠጠር መንገድ ትወጣለህ፤ በር የለም፣ ትኬት የለም፣ የመዋጮ ሣጥን አለ።

እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ላም ፊት ስቆም ዝም ማለት አልችልም። እንደ ገበያ ዞርኳት። ከፊት አየኋት፤ ደረቷ ጥሩ ነው። ከጎን አየኋት፤ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ የጎድን አጥንቷ የማይቆጠር። ጡቷ ሥር ገብቼ ቆምኩ፤ አንዱ ጡት ብቻ ከኔ ክንድ ይረዝማል። ቀንድ ግን የላትም። ሻኛም የላትም። ባለቤቴ «ስንት ትላታለህ?» አለችኝ። «ሻኛ ከሌላት ለጊፋታ በዓል ቅርጫ አትሆንም» አልኳት። እሷ ቦዲቲ ያደገች ስለሆነች ከኔ በላይ ታውቃለች፤ «ለቅቤም አትሆንም፣ ዓይኗ ሰነፍ ነው» ብላ ደመደመች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ላም እንዲህ በወላይትኛ ስትተች የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ነፋሱ ይነፍሳል፤ ከሥራችን ኮረብታው እስከ ዓይን ጥግ አረንጓዴ ነው። ከበዴሳ ወደ ሶዶ ስትወጣ ዞር ብለህ የምታየውን መሰለኝና ትንሽ ዝም አልን።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተው ነበር። ከየት ናችሁ አሉን። ከኢትዮጵያ አልን። የኢትዮጵያን ስም የሰሙት በሯጮቿና በቡናዋ ነው። ከዚያ ጠየቁኝ፤ ክፋት የሌለበት ጥያቄ ነው፤ «እናንተስ ጋ፣ አንተ በተወለድክበት፣ ሰው መኪናውን አቁሞ የሚያየው ምን አለ?»

ስልኬን አወጣሁ። ፎቶ ፈለግሁ። የሠርጋችን አለ። ባለፈው መስቀል የታረደው ኮርማ አለ፤ ከስድስት አቅጣጫ። ኤርፖርት ስንላቀስ አለ። አንተ ባጃጅ ላይ ተቀምጠህ አለህ። ሌላ የለም። አፍሬ ከኢንተርኔት ላይ የአጆራን ፏፏቴ ፈልጌ አሳየኋቸው። አጃጮና ሶኬ ጎን ለጎን መጥተው ከአንድ ገደል ሲወረወሩ፣ ሥሩ በጉም ሲጠፋ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ሁለት ናቸው?» አሉ። «መንታ ናቸው» አልኩ። «ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆም ድምፁ እንዴት ነው?»

«በጣም ይጮኻል» አልኳቸው።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ባለቤቴ አሥር ደቂቃ ያህል ዝም አለችና «መቼ ነው አጆራ የሄድከው?» አለችኝ።

አልሄድኩም። አንተም ታውቃለህ። ከቤታችን ግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ሶዶ ኖሬ አልሄድኩም። «እኔም አልሄድኩም» አለች። ከኋላ ልጄ «ምንድን ነው አጆራ?» አለች። ያኔ ዝርዝሯን ገለጠች፤ እስክሪብቶ ፈለገች። ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ስነዳ ሲያቃጥለኝ ዋለ። አጆራ ብቻ መሰለህ? ዳሞታን አስበው፤ ጠዋት ከመኝታ ስንነሣ የምናየው ተራራ። ጎኑ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። የውጭ ተመራማሪዎች ዓመት እየቆጠሩ ሲቆፍሩት ኖረዋል፤ ወደ 50,000 ዓመት የሚጠጋ የሰው ዱካ አውጥተውበታል። እኛ ከትምህርት ቤት በፎረፍንበት ቀን እንኳ ወደዚያ አልፎረፍንም፤ ፑል ቤት ነበር የምንሄደው። ጢያንስ? ከአዲስ አበባ በቡታጅራ ስንመላለስ የምናልፈው። 36 ትክል ድንጋይ፣ ሰይፍ የተቀረጸበት፣ ዩኔስኮ በ1980 የመዘገበው። ስንት ጊዜ አለፍነው? ሚኒባሱ እዚያ አንዴ ቆሞ ያውቃል፤ ጎማ ፈንድቶበት። ያን ጊዜም ወርደን ሁላችንም ያየነው ጎማውን ነው። እዚህ ነብራስካ ውስጥ አንድ ሰውዬ ለአባቱ መታሰቢያ ብሎ 39 አሮጌ መኪና መትከሉን ልነግርህ ነበር፤ የእንግሊዞቹን ትክል ድንጋይ አስመስሎ ነው። ሰው ከአገር አገር ያንን ሊያይ ይሄዳል። እኔም በጢያ በኩል እያለፍኩ ያደግሁት ሰውዬ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅዴ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ልጄ ጽፋዋለች።

በመጨረሻ ጀምስታውን ላይ የቆመውን የዓለም ትልቁን ጎሽ አየን። በ1959 የተሠራ፣ 8 ሜትር ቁመት ያለው። የኮንክሪቱ ክብደት 60 ቶን ነው። ይሄን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብበው። ከዚያ ሶዶ ገበያ ሄደህ የሲሚንቶ ኩንታል ዋጋ ጠይቅ። ከዚያ ሻይ ስንት ብር እንደምትሸጥ አስብ። ከዚያ ኮርማህን እንደገና አስብ።

አሁን ያጠናሁትን ልንገርህ፣ ጥናት ብለሃልና። መኪናውን የሚያስቆመው አተሩም ላሟም አይደሉም። እኔ በአራት ቀን ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ከአሥራ አንዱ ስምንቱን ያቆምኩት «አባዬ ሽንቴ መጣ» ስለተባልኩ ነው። ሰው የሚቆመው ለሽንት ቤት ነው፤ ላሟን የሚያየው ከወጣ በኋላ ነው። የኛን መንገድ ደግሞ ታውቀዋለህ። ሾፌሩ ቁጥቋጦ አጠገብ ያቆምና «ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ» ይላል። እማዬ ከአዲስ አበባ እስከ ሶዶ ውሃ የማትጠጣው ለምን ይመስልሃል? ያን ሁሉ ሰዓት! እሷን የመሰለች ስንት እናት በየቀኑ በሻይ ቤትህ በር ላይ ከንፈሯ ደርቆ ታልፋለች። ውሃ ያለው፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት አለ ብለህ ከአሥር ኪሎ ሜትር በፊት ታፔላ ትከል። ኮርማ አያስፈልግህም፤ መኪናው ራሱ ጡሩምባ እየነፋ ይመጣልሃል።

ከዚያ ሁለተኛ ታፔላ። መንገደኛ ሁሉ «አጆራ በየት ነው?» እያለ እንደሚጠይቅህ ነግረኸኛል። አንተም በእጅህ ወደ ምዕራብ ትጠቁማለህ፤ ታውቀዋለህ እንዴ? ስለዚህ መጀመሪያ ራስህ ሂድ። ጫማህን አድርገህ ሂድ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ የትኛው ጋ እንደሚያዳልጥ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ልጅ የሚያዝበት ቦታ የት እንደሆነ እይ። እሱን በትልቁ ጻፍ፤ ቀስት አድርግበት። ከሥሩ ደግሞ «ዳጣ በነፃ ይቅመሱ» በል። በነፃ የቀመሰ ሰው አፉ ሲቃጠል ምን እንደሚፈልግ ዶሮቲ ከ89 ዓመት በፊት ነግራናለች። ውሃውን ግን እንዳትሸጠው፤ አምባሻውን ሽጥ።

ደግሞ አንድ ነገር። አፋፉ ላይ ስትደርስ ስልክህን አውጣና ድምፁን ቅረጽልኝ። ቪዲዮ አያስፈልግም፤ ድምፁን ብቻ። ለሽማግሌው የነገርኳቸው ውሸት ይሁን እውነት ማወቅ እፈልጋለሁ። አድራሻቸውን ስላልተቀበልኩ ለራሴው ነው።

ለጊፋታ እንደማልመጣ ታውቃለህ። ለመጪው ዓመት ግን ትኬት እያየሁ ነው፤ አራት ሰው ስለሆንን ሳየው ቶሎ እዘጋዋለሁ። ለእማዬ፣ ለአጎቶቻችን፣ ለሰፈሩ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስ። ዳጣ ከሚመጣ ሰው ጋር ስትልክ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልለው፤ ባለፈው የአንዲት ምስኪን ሴት ሻንጣ ውስጥ ፈስሶ ነጭ ሸሚዞቿ ሁሉ የጊፋታ ልብስ መስለው ነው የደረሱት።

ስለ ገንዘቡ፦ ሰኞ 400 ዶላር ልኬልሃለሁ። ለሽንት ቤቱና ለሁለቱ ታፔላዎች ነው። ለኮርማው አይደለም።

ወንድምህ